ፀሐይን በጀርባው ያደረገ ጠባቂ

አንድ የሽንኩርት ገበሬ ነበረ።

አትቸኩል ምስጋናው፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «አባቴ፣ ሚስቴ ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ ትስቅ ነበር፣ ታወራ ነበር። ዛሬ እኔ ስገባ ዝም ትላለች። የደበቀችው ነገር ባይኖር ዝም ትል ነበር ወይ? ላስምላት ወይስ ልተዋት?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ለመሐላውም ምስክር እንድሆንልህ ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሃል። መልሱ ግን ያለው እኔ ዘንድ አይደለም፣ ገበሬው ዘንድ ነው። መጀመሪያ እሱን እንስማው፤ ከዚያ ወደ አንተ እንመለሳለን።

ይህ ገበሬ የሚኖረው ከተራራ ግርጌ በተዘረጋ ቆላ ነው። እዚያ አገር ዝናብ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፤ የሚታመነው የጉድጓድ ውሃ ብቻ ነው። አባቱ ሲሞት ለእሱና ለታናሽ ወንድሙ አንድ ማሳና አንድ ጉድጓድ ትቶላቸዋል። ማሳውን ከመሞቱ በፊት በመሀል ወሰን አድርጎ አካፈላቸው። ጉድጓዱን ግን አላካፈለም። «ውሃ አይከፈልም፤ ተራ ነው የሚገባለት» አላቸው። እነሱም ተራ ገቡ። ከፀሐይ መውጫ እስከ እኩለ ቀን ታናሹ ያጠጣል፣ ከእኩለ ቀን እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ታላቁ ያጠጣል። ከሰዓቱን የመረጠው ታላቁ ራሱ ነው፤ ማታ የጠጣ ሽንኩርት ሌሊቱን ሲያጣጥመው ያድራል ይል ነበር።

ለብዙ ዘመን ውሃውን ያወጡ የነበረው በናፍጣ ሞተር ነው። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፣ ናፍጣው ደግሞ በጠፋ ጊዜ ይጠፋል። በመጨረሻ ታላቁ በሬውን፣ ታናሹ የንብ ቀፎዎቹን ሸጡና ስምንት የሶላር ሰሌዳዎች ከነፓምፑ ገዙ።

ሰሌዳዎቹን የተከለችላቸው ከከተማ የመጣች ባለሙያ ነበረች፤ ጠይም፣ ቆፍጠን ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት። በብረት እግር ላይ ወደ ደቡብ ዘንበል አድርጋ በአንድ ረድፍ ደረደረቻቸው። ሥራዋን ስትጨርስ ወንድማማቾቹን ጠርታ እንዲህ አለቻቸው።

«ይህ ነገር የሚበላው የፀሐይን ሙቀት አይደለም፤ ብርሃኗን ነው። ሙቀት ሲበዛበት እንዲያውም ይደክማል። ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ኃይል ይንቀሳቀሳል፣ ብርሃን ሲለየው ያቆማል። የሚያጠራቅምበት ጎተራ የለውም። የተቀበለውን እዚያው ለሞተሩ ይሰጣል።»

ከዚያ በጣቷ መስተዋቱ ሥር ያሉትን ትንንሽ ጥቁር አራት ማዕዘኖች አሳየቻቸው። «እነዚህን አያችኋቸው? ሁሉም ተያይዘዋል። ቤት ሲቃጠል ሰዎች ተሰልፈው ባልዲ ሲቀባበሉ አላያችሁም? ከመሀል አንዱ እጁን ቢያጥፍ ሌሎቹ የቱን ያህል ቢበረቱ ውሃው አያልፍም። እነዚህም እንደዚያ ናቸው። አንዷ ጥቁር ቤት ጥላ ሲያርፍባት ጎረቤቶቿንም ታስራለች። በጥቂቶቹ ላይ ጥላ ካረፈ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ይቆማል። ስለዚህ ጥላ አታሳዩአቸው። አቧራም ሲይዛቸው ማልዳችሁ፣ መስተዋቱ ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሱላቸው።»

ገበሬው ራሱን ነቀነቀ። ምክር የማይሰማ ሰው አልነበረም። እንዲያውም በማግሥቱ ምሳሩን ይዞ ወጣና ከሰሌዳዎቹ በስተምዕራብ የቆመችውን የቁርቁራ ዛፍ ከነሥሯ ነቀላት። ሚስቱ ሽንኩርት ስትኮተኩት የምታርፍባት ዛፍ ነበረች።

«ምነው? ይቺ ዛፍ ምን አደረገችህ?» አለችው።

«ጥላ ናት» አላት። ላቡን በክንዱ ጠረገና ማሳው ላይ አንድም ጥላ እንዳልቀረ ዙሪያውን አየ። ልቡ ሞላ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሩ ነበሩ። ያለ ጭስ፣ ያለ ጩኸት፣ ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ይወጣል፣ ስትገባ ይገባል። ከቧንቧው አፍ የሚወርደው ውሃ የጎልማሳ ክንድ ያክላል። ገበሬው ቦዩን እየከፈተና እየዘጋ ሲያጠጣ ይውላል፤ ማታ ወንድሙ ቤት ሄዶ እራት የሚበላበትም ቀን ብዙ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ገበሬው ከወትሮው ቀደም ብሎ ተነሣ። ወደ ሰሌዳዎቹ ሲሄድ ጤዛ ባራሰው አፈር ላይ ዱካ አየ። ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። የቀኝ እግሩ ወደ ውጭ የዞረ ዱካ ነው፤ ታናሽ ወንድሙን በልጅነቱ ወይፈን ረግጦት እግሩ እንደዚያ ሆኖ ቀርቷል። አንደኛው ሰሌዳ ላይ ደግሞ የመዳፍ ምልክት አለ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ ገበሬው ለራሱ።

ሰው ጎህ ሲቀድ ከፀሐይ ሰሌዳ ላይ ምን ሊሰርቅ ይችላል? ብትጠይቀው እሱም አያውቀውም። ግን ጥርጣሬ ማስረጃ ይዞ አይመጣም፤ ከገባ በኋላ ነው ማስረጃ የሚፈልገው። የእኔ ሽንኩርት ከእሱ ይልቅ ቀጠን ማለቱ ለካ በዚህ ነው፣ አለ። እውነት ለመናገር ቀጠን ያለው አረሙን ዘግይቶ ስለነቀለ ነበር። ሆኖም ያን ማን ያስታውሳል? የራሱን ስንፍና የሚያስታውስ ሰው ዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ወንድሙን አልጠየቀውም። «ጠዋት እዚህ ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ይህ ምሳሌ እዚህ ላይ ባለቀ፣ እኔና አንተም ምሳችንን በበላን። አልጠየቀም። ማማ ሠራ።

ማማ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አራት ረጃጅም እንጨት ይተከልና ከላይ ርብራብ ይደረግለታል። ማሽላ ሲያፈራ ሰው እዚያ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ይጠብቃል። ገበሬው ከልጅነቱ ጀምሮ ማማ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ አባቱ ያስተማረውንም የመጀመሪያ ሕግ አልዘነጋም። ጠባቂ ፀሐይን በጀርባው ያደርጋል። ፀሐይ ፊቱን የመታችው ጠባቂ ወፉንም ዝንጀሮውንም አያይም። በጀርባው ያደረጋት ግን ሁሉን አጥርቶ ያያል። የእሱ የውሃ ተራ ደግሞ ከሰዓት ስለሆነ፣ ከሰዓትም ፀሐይ በምዕራብ ስለምትሆን፣ ማማውን ከሰሌዳዎቹ በስተምዕራብ ተከለው። የመጀመሪያውን ቋሚ ያቆመበት ጉድጓድ እንኳ አልተቆፈረም፤ የቁርቁራዋ ሥር የወጣበት ጉድጓድ በልኩ ተገኘለት።

በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ሲሆን ወጥቶ ተቀመጠ። ቧንቧው ሙሉ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ቀጠን አለ። አሥር ሰዓት ሲሆን እንደ ሽንት ተንጠባጥቦ ቆመ። ገበሬው ተስፈንጥሮ ዙሪያውን ቃኘ። ወንድሙ ከወሰኑ ማዶ ጎንበስ ብሎ ይኮተኩታል።

«አየኸው? እኔን ሲያይ ራቅ ብሎ የሚሠራ መሰለ!» አለ።

በማግሥቱ ወንድሙ ገበያ ሄደ። ውሃው በዚያችው ሰዓት ቀጠነ፣ በዚያችው ሰዓት ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲህ ወንድሜ አይደለም» ይላል። ገበሬው ግን ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ። «ገበያ ሆኖ እንኳ የሚሰርቀኝ ሰው ጎህ ሳይቀድ መጥቶ አንድ ነገር አበላሽቶ ቢሄድ ነው» አለ። ወንድሙ ሲቀርብም ሌባ ነው፣ ሲርቅም ሌባ ነው። ቢስቅ አፌዘብኝ፣ ቢያዝን ተነቃበት። ሰው አንዴ በዚህ መንገድ ከሄደ በግራም በቀኝም የሚያየው ምስክር ብቻ ነው።

ማማው ላይ ፀሐይዋ አናቱን ስታነደው ጊዜ የሣር ክዳን ሠራለት። ጎንና ጎኑንም በማሽላ አገዳ ከለለው፤ ወንድሙ ሳያየው እሱ እንዲያየው ብሎ። ከዚያ ወዲህ ውሃው የሚቀጥነው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ስምንት ሰዓት ላይ ሆነ።

«ጥበቃዬን ባጠበቅሁ ቁጥር እሱም ሌብነቱን ያጠብቃል» አላት ሚስቱን።

«ለምን አትጠይቀውም?»

«ሌባ ተጠይቆ አምኖ ያውቃል?»

«ወንድምህ ነው እኮ!»

«ለዚያም ነው የሚያመኝ» አላት። እውነቱን ነው፣ ያመው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዳልነበረ ልብ በልልኝ። እዚያ ማማ ላይ ተቀምጦ ወንድሙ ከእርሻ ሲመለስ በሩቅ ሲያየው፣ ያ የዞረ እግሩን እየጎተተ፣ ሆዱ ይባባና መልሶ ይጠነክራል።

ሽንኩርቱ በዚያን ጊዜ ራስ የሚቋጥርበት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ውሃ ያጣ ሽንኩርት የዓመት ልፋት ይዞ ይደርቃል። የቅጠሎቹ ጫፍ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጎበጠ። ገበሬው ወርዶ መደቦቹን ሲያይ አለቀሰ ማለት ይቻላል። ወንድሙንም ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ ሰሌዳዎቹ አጠገብ ድርሽ እንዳትል!» አለው።

ወንድሙ ፊቱን አየው። ምክንያቱን ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ተወው። «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ የሚታይ ዱካ ጠፋ።

አሁን ደግሞ የጠዋቱም ውሃ መቀነስ ጀመረ። ያን ሰሞን ጎረቤቶች ማሽላ እየወቁ ነበር፤ የገለባው ብናኝ እየተነሣ ስምንቱን መስተዋት አለበሳቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታናሹ መጥቶ፣ ከወሰኑ ሳያልፍ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃው እየቀነሰብኝ ነው፤ አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ ጠየቀው።

ገበሬው ከማማው ላይ ሆኖ ሳቀ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አለው። ያኔውኑ ወደ ሽማግሎች ሄዶ ወንድሜን አስምሉልኝ አለ።

እዚህ ላይ የዚያን አገር ልማድ ልንገርህ። እዚያ ሰው ከባዳ ጋር ይማማላል፤ ምሎ ይታረቃል፣ አብሮ ይበላል። ወንድምና ወንድም ግን ከተማማሉ ከአንድ ገበታ አይቆርሱም። የማለው እውነቱን ቢሆንም አይቆርሱም። «በአባቴ» ብሎ ከአባቱ ጉድጓድ አፈር ዘግኖ ከማለ በኋላ፣ ያስማለው ወንድም ለእሱ ከመንገደኛ አይለይም፤ ጉድጓዱም በግንብ ይከፈላል። እንዲህ የሚያደርጉት ሰው ወደ መሐላ ከመሮጡ በፊት አሥር ጊዜ እንዲያስብ ነው። ሽማግሎቹም ይህን ስለሚያውቁ ገበሬውን ሦስት ጊዜ መለሱት። ሦስት ጊዜም ተመለሰባቸው። «ሽንኩርቴ አለቀ፣ ውሃዬ ተወሰደ፤ ወይ ይማል ወይ ያምጣ!» አለ።

በመጨረሻ ቀን ቆረጡለት። መሐላው ውሃው በሚጠፋበት ሰዓት እዚያው ሰሌዳዎቹ ዘንድ እንዲሆን ገበሬው ጠየቀ፣ እነሱም ፈቀዱ። እሱ ግን ከማማው አልወርድም አለ። «ከወረድኩ ይሰርቃል» አላቸው።

በቀጠሮው ቀን አምስት ሽማግሎች በርጩማቸውን ይዘው ስምንት ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ፀሐይዋ ድንጋይ ትሰነጥቃለች። ማሳው ላይ ዛፍ የለም። ሽማግሌ የት ይቀመጣል? ማማው ሥር የወደቀች ጥላ ነበረችና በርጩማቸውን እሷ ላይ ደርድረው ተቀመጡ። ታናሹ ባርኔጣውን አውልቆ ፀሐይ ላይ ቆመ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ የሁሉ ታላቅ የሆነው ሽማግሌ፤ ከሰማንያ ያለፈ፣ ራሰ በራ፣ ጋቢውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ ሰው። «አንተ ጀምር።»

ገበሬው ከላይ ሆኖ ጀመረ። ረጅም ነበር። ዱካውን፣ መዳፉን፣ ሰዓቱን፣ የገበያውን ቀን፣ ሁሉንም በየተራ ዘረዘረ። ሽማግሌ ደግሞ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። እሱ ሲናገር ፀሐይዋ ትንሽ ወደ ምዕራብ አዘነበለች፣ ጥላዋም ትንሽ ወደ ምሥራቅ ተሳበች። ሽማግሎቹ በርጩማቸውን እየጎተቱ ተከተሏት።

ከዚያ ታናሹን ጠየቁት። «ጎህ ሲቀድ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?»

«አብስ ነበር» አለ። «ባለሙያዋ ማልዳችሁ አብሱ ብላን አልነበር? ጋሼ ማታ ሲያጠጣ ስለሚያመሽ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ነው። ስምንቱንም አብሼ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። አትድረስ ካለኝ በኋላ ተውኩት።»

«አፈ ቅቤ!» ብሎ ጮኸ ገበሬው ከላይ። «አንድ ቀን እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። ይማል!»

«ልጄ፣ ቀስ በል» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ይማል! ቀስ ብዬ ቀስ ብዬ ነው ሽንኩርቴ ያለቀው!»

ታናሹ ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄዶ አንድ እፍኝ አፈር ዘገነና ተመልሶ ቆመ። ጥላዋ አሁንም ሸሸች፤ ሽማግሎቹም አሁንም በርጩማቸውን ጎተቱ። ራሰ በራው ሽማግሌ ጀርባው የሰሌዳዎቹን የብረት እግር ነካና ተደገፈው።

በዚህ ጊዜ ቧንቧው አፉ ላይ አንዴ ተንፈቀፈቀና ውሃው ቀጠነ።

«ይኸው!» ብሎ ገበሬው ከመቀመጫው ተነሣ። «ይኸው ቀነሰ! በዓይናችሁ እዩት!»

ሁሉም ታናሹን አዩ። ታናሹ በጠራራ ፀሐይ፣ በአምስት ሽማግሎች ፊት፣ በአንድ እጁ አፈር ይዞ፣ ሌላ እጁ ባዶ ሆኖ ቆሟል። የሰረቀ እንደሆነ በምን ሰረቀ? ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ራሰ በራው ሽማግሌ ግን ወንድሙንም ቧንቧውንም አላየም። እሱ ያስጨነቀው ሌላ ነበር፤ አናቱ ላይ ፀሐይ ወጥታበታለች። ቀና ብሎ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ወደ ማማው ጮኸ።

«ኧረ ልጄ! ይሄ ማማህ ጥላው ደግ ነበር፣ እየጎተተ እዚህ ሰሌዳህ ሥር አደረሰን። እስኪ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ በልልኝና ለራሴም ጥላ አትርፍልኝ።»

ገበሬው ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ተጠጋ።

ሲጠጋ ሦስተኛው ሰሌዳ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አብሮት ተጠጋ። ቆመ፤ እሱም ቆመ። እጁን አነሣ፤ መስተዋቱ ላይ ወንጭፍ የያዘ ጥቁር እጅ ተነሣ። ከዚያ ቀጥሎ የክዳኑን ጠርዝ አየ፣ የአገዳውን ግድግዳ አየ። ስምንቱ ሰሌዳዎች ላይ ከዳር እስከ መሀል ጋደም ብሎ የተኛውን የማማውን ጥላ አየ። በሰሌዳዎቹና በፀሐይ መካከል ይህን ሁሉ ቀን የቆመው ማን እንደሆነ አየ። ፀሐይን በጀርባው አድርጎ ሁሉን አጥርቶ ሲያይ፣ ያላየው አንድ ነገር ፊት ለፊቱ ነበር።

ከታች የወንድሙ ድምፅ ተሰማ። «በአባቴ...»

«አትማል!»

ያን ጩኸት የሰሙት ሽማግሎች ሰው የተወጋ መስሏቸው ነበር። ገበሬው መሰላሉን አልፈለገም፤ ዘሎ ወረደ፣ በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነሣ። «አትማል! አትማል ወንድሜ!» እያለ ማማው ሥር የነበረውን ምሳሩን አነሣ። አበደ ብለው ሸሹለት። እሱ ግን የማማውን ቋሚ ነው የመታው። አንዱን ጣለ፣ ሁለተኛውን ጣለ። ማማው ከነክዳኑ ከነአገዳው ተንጋለለና በአቧራ ውስጥ ወደቀ።

ቧንቧው ሁለቴ ሳለ። ከዚያ ውሃው እንደ ድሮው፣ የጎልማሳ ክንድ ሆኖ፣ ወጣ።

ገበሬው ምሳሩን ጣለና ወንድሙ ፊት ቆመ። ታናሹ አፈሩን ጨብጦ እንደያዘ ነበር።

«ጋሼ፣ ‹በአባቴ› ብያለሁ። ግማሹ ወጥቷል» አለው።

ሽማግሎቹ ስለዚያ ግማሽ ብዙ ተከራከሩ። ያላለቀ መሐላ አይጸናም ብለው ፈረዱ፣ ጉድጓዱም ሳይከፈል ቀረ። ውሃው በዚያችው ቀን ተመለሰ። ፀሐይ ቂም የላትም፤ ጥላው ከተነሣላት ትናንት ምን አደረግኸኝ ብላ አትጠይቅም፣ ሰሌዳውም አይጠይቅም። ወንድሙ ግን ሰው ነው። ገበሬው ጎህ ሲቀድ እየተነሣ ስምንቱንም ሰሌዳ ለሁለቱም ማበስ ጀመረ። ግማሽ ሽንኩርቱ ሞቶ ግማሹ ተረፈ። ወንድሙ ግን እንደገና አብሮት እስኪቆርስ ድረስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አለፈ። ያም ገበሬው መሐላው ሳያልቅ ለጥቂት ስለደረሰ ነው። ያ ቃል ሞልቶ ቢወጣ ኖሮ እስከ ዛሬም ባልቆረሰ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ምስጋናው።

ሚስትህ ዝም አለች አልከኝ። ዝም ማለት የጀመረችው መቼ ነው? ስልኳን መፈተሽ ከመጀመርህ በፊት ነው ወይስ በኋላ? «ከገበያ ለመመለስ ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» ማለት ከመጀመርህ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አትመልስልኝ፤ ለራስህ መልስ። ስትመጣ ራስህ ነግረኸኛል፤ አንድ ቀን አምሽታ ገባች፣ አንተም ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠበቅ ጀመርክ። ያን ቀን የት አመሸሽ ብለህ ጠየቅሃት? አልጠየቅሃትም። ዱካ አየህ፣ ማማ ሠራህ። ስታወራ ለማን ነው የምታወራው ትላለህ፣ ስትስቅ በማን ነው የምትስቀው ትላለህ። ዝም ስትል ደግሞ ይኸው፣ ለምስክር ወደ እኔ ትመጣለህ።

የሰው ልብም እንደዚያች ሰሌዳ ነው። ብርሃኑን ራሱ አይሠራም፤ ሲያርፍበት ተቀብሎ ይሰጣል። እምነትህ ባረፈባት ጊዜ ሳቋ ቤትህን ይሞላው ነበር፤ ምስክሩ አንተው ነህ። አሁን በእሷና በብርሃኗ መካከል ቆመህ፣ ለምን ጨለመች ትላለህ። ጥላ ሁሉንም መሸፈን አያስፈልገውም፤ ጥቂቷን ከያዘ ሌላውም ይታሰራል። አንዲት ጥርጣሬ ናት ትለኛለህ፤ እሷው ናት ሳቁንም ወሬውንም ያሰረችው።

እኔ ሚስትህን አላውቃትም። ነውር የለባትም ብዬ አልምልልህም። ግን ጥላህ ሥር አስቀምጠህ ብርሃን አልሰጠሽም ብለህ ልትከሳት አትችልም። መጀመሪያ ውረድ። ወርደህ፣ ጠይቀህ፣ ጊዜ ሰጥተህ፣ ያኔም ውሃው ካልመጣ ተመልሰህ ና፤ እኔ ራሴ አብሬህ እመጣለሁ።

ዛሬ ግን ምስክር አልሆንልህም። ራስህ እንደነገርከኝ፣ ትናንት ማታ «ነገ ትምያለሽ» ብለሃት ነው የመጣኸው። ግማሹ ወጥቷል። ተነሥ፣ ሂድ፣ ቀሪው ሳይወጣ ድረስባት።